እናቴን የመርሳት በሽታ ይዟታል፤ ቤተሰቡን እንዴት ላስተባብር? (ደሴ)

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴ የመርሳት በሽታ እንዳለባት ሐኪም ከነገረን ቆይቷል። አልዛይመር ነው ያሉን። ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። አንዱ ወንድሜ ጅዳ ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ ይሠራል፣ እህቴ አዲስ አበባ ናት።

እማን መያዙን ለምጄዋለሁ። የከበደኝ የቤተሰቡ ነገር ነው።

እህቴ ማታ ማታ ትደውላለች። ስልኩን ለእማ አቀብላታለሁ። እማ የሰው ድምፅ ስትሰማ ትነቃቃለች። «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? ልጆቹ ደህና? አላህ ያሳድግልሽ፣ አብሽሪ» ትላለች። ከማን ጋር እንደምታወራ ግን አታውቅም። ሰላምታና ምርቃት አልጠፋባትም፣ የጠፋባት ሰው ነው። ስልኩን መልሼ ስቀበል እህቴ «እማ ደህና አይደለች እንዴ! አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ትለኛለች። ስልኩ ከተዘጋ ትንሽ ሳይቆይ እማ ወደ እኔ ትዞርና «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ አትሄጂም እንዴ? መሸብሽ እኮ» ትላለች።

የጅዳው ወንድሜ ገንዘብ ይልካል። አላህ ይስጠው፣ ሳይታክት ነው የሚልከው። «ሠራተኛ ቅጠሪ» ይላል። እቀጥራለሁ። እማ «ወርቄን ሰረቀችኝ» ትላታለች። ልጅቷ አልቅሳ ትሄዳለች። ወርቁ ትራስ ውስጥ ይገኛል።

ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ «አላህ ያሽራት» ብሎ ይሄዳል። «ሂጂ ተኚ፣ እኔ እቀመጣለሁ» የሚል ግን የለም። እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ መተኛት፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ገበያ መውጣት። እናንተ ቤት እንዴት ነው የተከፋፈላችሁት?

ቦርከና ማዶ

አይዞሽ እህቴ። እኔም ኮምቦልቻ አባቴን ነው የማስታምመው። ዕድሜውን ሙሉ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ነው የሠራው። አሁንም ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ጃኬቱን ይለብሳል፣ «ሺፍት አመለጠኝ» ብሎ በሩን ይነቀንቃል። «ጡረታ ከወጣህ ቆየህ» ብትይው ጠብ ነው። «ሰርቪሱ ዘግይቷል አሉ፣ እስኪመጣ ቁርስ እንብላ» ስትይው ግን ይቀመጣል። ከቁርስ በኋላ ሺፍቱ ይረሳል። አንዳንዴ አይረሳም። ያኔ አብሬው እስከ አስፋልቱ ወጥቼ እመለሳለሁ።

ስለ እህትሽ አንድ ነገር ልበልሽ። በስልክ ያለ ሰው በወሬ አያምንም። አትከራከሪያት። ነይና እኔ በሌለሁበት ከእማ ጋር ሁለት ሦስት ሌሊት እደሪ በያት። እንግዳ ሆና አይደለም። አንቺ ከቤት ወጥተሽ ሌላ ቦታ ማደር አለብሽ። አንቺ ካለሽ እሷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነው የምትመለሰው።

ኮምቦልቻ ያለው ወንድምሽ «እናቴን ወደ እኔ ላምጣትና ትረፊ» ካለሽ ግን እንዳትቀበይ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሐረጎ ቁልቁለት ቶሎ ይደረሳል። ችግሩ መንገዱ አይደለም። እሷ ሽንት ቤቱን የምታገኘው እግሯ ስለለመደው ነው። አባቴን ለበዓል አዲስ አበባ እህቴ ቤት ወስደነው ሌሊቱን ሙሉ «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲል ነው ያደረው። ወንድምሽ ራሱ ወደ ላይ ይውጣ።

ሌላም አለ። እኛ ሰፈር ጎማ ሲፈነዳ አባቴ የ2014ቱ ጦርነት የተመለሰ ይመስለዋል። «ልጆቹን ሰብስቡ፣ እንውጣ» ይላል። «ጦርነቱ አልቋል» አልለውም። «ሁሉም ልጆች እዚህ ናቸው፣ በሩ ተዘግቷል» እለዋለሁ። የሚፈልገው እሱን ነው።

የጢጣ ልጅ

እህቴ፣ አላህ ትዕግስቱን ይስጥሽ። አያቴም እንዲህ ሆና ነው የሄደችው። ያኔ ማንም በሽታ ነው አላለም። እርጅና ነው። ልጅ ሆና ትመለሳለች ይባል ነበር። ዱዓ አስደርጉላት፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጸበል ይወስዱ ነበር። ሐኪም ቤት እየወሰዱ ገንዘብ መጨረስ ምን ይጠቅማል? የማይድን ከሆነ።

ነጭ ጋወን (ነርስ፣ ኮምቦልቻ)

የጢጣ ልጅ፣ ዱዓውም ጸበሉም ይቀጥል፣ የሰውን ልብ ያሳርፋል። ጸበል የሚወሰድ ሰው የግፊትና የስኳር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ።

እርጅና ነው ለሚለው ግን መልስ ልስጥ። ያረጀች እናት ወጡ ላይ ጨው መጨመሯን ልትረሳ ትችላለች። ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ከጠፋባት ግን በሽታ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ከ100 ታማሚ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረበው ሕመም ነው፣ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ የሚመጣም አለ፤ ግፊቱን ባልተቆጣጠረ ሰው ላይ ይበዛል።

ሐኪም ቤት ምን ይጠቅማል ላልከው፣ አንዳንዱ የመርሳት በሽታ መስሎ የሚመጣ ሌላ ነገር ነውና። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ከባድ ድብርት ሰውን ያዘነጋሉ። እነዚህ ይታከማሉ። ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ አዛውንት ከሳምንታት በኋላ አንጎሉ ዙሪያ ደም ሊቋጥር ይችላል። ያም ይታከማል። ይሄ ሳይታይ «ጃጅታለች» ብሎ መተው ልክ አይደለም። ደሴ ሪፈራል ሄዳችሁ ይሄን ሁሉ ጠይቁ።

አልዛይመር ራሱ ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለተወሰነ ጊዜ ምልክቱን ያቀልላሉ እንጂ በሽታውን አያቆሙትም። ስለዚህ ትልቁ ሕክምና የሚያስታምመው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖር ነበር ይላል። እነሱን ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። የሆጤዋ፣ አንቺን ነው የሚለው።

አንድ ነገር ሁላችሁም ያዙልኝ። በሽታው በወራትና በዓመታት ነው የሚብሰው። ትናንት ምግቧን ትበላ የነበረች ዛሬ ድንገት ከዘባረቀች፣ ከደነዘዘች ወይም የሌለ ነገር ካየች፣ «በሽታዋ ባሰ» ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ትታይ።

ቧንቧ ውሃ

ነርሷ፣ ይቅርታ ላቋርጥና አንድ ጥያቄ። አክስቴ ሌሊት አትተኛም። ጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን ስጪያት አለችኝ። ልስጣት?

ነጭ ጋወን (ነርስ፣ ኮምቦልቻ)

ሐኪም ሳያዝ አትስጫት። እንደ ዲያዜፓም ያለው ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ይጥላታል። አዛውንት ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ከተሰበረ ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አይነሳም። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ዲፌንሃይድራሚን ያለባቸው፣ መርሳቱን ያብሱታል። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ብቻ፣ በትንሽ መጠን፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚሰጡት። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንት ላይ የሞት አደጋን ስለሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ለአዲሶቹ በ2005፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ላሉት ነባሮቹ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ከኪኒን በፊት የሚሞከር አለ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጥ፣ ትንሽ ትራመድ። ከሰዓት እንቅልፍ አታብዛ። ቡናዋን ጠዋት ትጠጣ፣ የማታው ይቅርባት። ከ11 ሰዓት በፊት መብራት አብሩ። ሲመሽ ጥላው ሰው ይመስላቸዋል፣ ብዙዎቹ የሚረበሹት በዚያ ሰዓት ነው። ዓይኗ ሞራ ካለበት ደግሞ ይብሳል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ ወስዳችሁ አሳዩዋት።

ጅዳ ያለሁ

የሆጤዋ፣ ወንድምሽን ሆኜ ልጻፍልሽ። እኔም እናቴ ደሴ ናት፣ የያዘቻት እህቴ ናት። ውጭ ያለ ሰው ገንዘብ የሚልከው ሌላ የሚልከው ነገር ስለማይታየው ነው። «ሰው አጣሁ» ስትይው አይገባውም። ሠራተኛ ቅጠሪ ይልሻል። «ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ነው የሚከብደኝ» ብትይው ግን ይገባዋል።

እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። የጅዳና የደሴ ሰዓት አንድ ነው። ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት) በፊት እደውላለሁ። በቪዲዮ፣ ስልኩ መስኮቱ ላይ ተደግፎ። እናቴ ታወራኛለች። ማን እንደሆንኩ አልጠይቃትም። ስለ ሰርጓ አስጀምራታለሁ፤ እሱ አይጠፋባትም። ሐይቅ የተወለደች ናት፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ትነግረኛለች። ያንኑ ወሬ በየቀኑ። እህቴ በዚያ ሰዓት ትሰግዳለች፣ እራት ትሠራለች። ብር ከመላክ ይልቅ ይቺን ሰዓት በማገኘቴ ደስ ይለኛል። ወንድምሽም ሥራ ላይ ካልሆነ ይቺን ሰዓት መውሰድ ይችላል፣ ጠይቂው።

ሌላው፣ ወጪውን ጽፈሽ ላኪለት። ዳይፐር ስንት፣ መድኃኒት ስንት፣ ባጃጅ ስንት። ስለማያምንሽ አይደለም። ነገሩን እንዲያየው ነው።

የእድር ጸሐፊ

እኔ እዚሁ ደሴ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ጽሑፍሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ለሞት ሰው እንዴት እንደሚቆም እናውቃለን። ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል። ማን ውሃ ይቅዳ፣ ማን ይደር፣ ማን እንጀራ ያምጣ፣ ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያውቀዋል። ያቺው ሴትዮ ታማ በተኛችባቸው ዓመታት ግን ልጇ ብቻዋን ናት። ይሄ ያሳዝነኛል። ሥርዓቱ አለን፣ ተራ መያዝ እናውቃለን፣ የምንጀምረው ግን አስታማሚዋ ካለቀች በኋላ ነው።

በእኛ እድር አንዲት አባል ነገሩን ስታነሳ ተቃውሞ ነበር። ደንቡ ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብር ነው ተባለ። ትክክል ነው። ስለዚህ ሣጥኑን አልነካነውም። የጠየቅነው ሰዓት ብቻ ነው። ለቡና ከሚመጡት መካከል የፈቀዱ ሴቶች ቀን ያዙ።

ከልምድ የተማርነውን ልንገርሽ። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። «ወርቄ ጠፋ» ሲባል አንዷ ብቻዋን እንዳትጠረጠር ነው። አንዷ ብቻዋን ከመጣች ሁለተኛ አትመለስም፣ ልክ እንደ ሠራተኛዋ። ፊቱም አይቀያየርም፣ ያው ሰው በያው ቀን ይመጣል። ወርቁን ደግሞ ቤተሰቡ በባንክ ወይም በታማኝ ዘመድ ያስቀምጠው፤ ለእሷ ጨሌና የብር አምባር ይተውላት።

ከሁሉም በላይ የከለከልነው አንድ ነገር አለ። ጠያቂ ገብቶ «እማማ፣ አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ማለት። አገራችን ላይ ይሄን የማይል የለም፣ በፍቅር ነው። እሳቸው ግን ፈተና ነው የሚሆንባቸው። ፊታቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይስቃሉ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በዓይን «ንገሪኝ» ይላሉ። ስለዚህ ስትገቡ ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። «እማማ፣ እከሊት ነኝ፣ ጎረቤትዎ፣ ቡና ልጠጣ መጣሁ።» በቃ።

የሆጤዋ፣ የእድራችሁን ዳኛ ቀርበሽ አናግሪ። «አግዙኝ» ብቻ አትበይ። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠሽ ንገሪያቸው። ማክሰኞ ከ8 እስከ 11 በያቸው።

የሸዋ በር

የሃይማኖት ነገር ላንሳ፣ ብዙ ቤት ይጨቀጨቃልና። እናቴ የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን፣ ሰግዳ ትጨርስና ሳትሰግድ የቀረች መስሏት እንደገና ትነሳለች። አባቴ «ሰግደሻል» እያለ ይነዘንዛት ነበር። የሰፈራችንን ሼህ ጠየቅን። አእምሮው ለደከመበት ሰው ግዴታው ተነስቷል፣ ደጋግማ ብትሰግድም ተዋት አሉ። አሁን ማንም አይነካት። በረመዷን ግን ሰው ሁሉ ጾሞ እሷ ብቻ መብላት ታፍራለች። የምትወደው የልጅ ልጇ አብሯት ይበላል፣ ሕፃን ስለሆነ። ክርስቲያኖቹ ወዳጆቻችንም በጾም ጊዜ ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ፤ መድኃኒትና ወተት አይቋረጥ።

ፒያሳ (የሕግ ባለሙያ)

አጭር ነገር። ቤት፣ ጡረታ፣ የባንክ ሒሳብ ካለ፣ ሰውየው ነገሩን እየተረዳ ሳለ ሁሉም ልጆች ባሉበት ተነጋገሩ። ውክልና የሚሰጠው የሚሰጠውን የሚያውቅ ሰው ነው። በሽታው ከገፋ በኋላ ጣት አስነክቶ የተወሰደ ውክልና ነገ ልጆችን ፍርድ ቤት ያቆማል። ከረፈደ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድ አለው፤ ፍርድ ቤት ሰውየው በንብረቱ ላይ ራሱ እንዳይወስን በፍርድ ከልክሎ ስለ እሱ የሚወስን አሳዳሪ ይሾማል። ያስታመመችው ልጅ ቤቱን ልትወስድ ነው የሚል ሐሜት የሚነሳው ነገሩ በጨለማ ሲሠራ ነው።

የሆጤዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴን «ነይና ያለ እኔ እደሪ» አልኳት። መጣች። እኔ ሸዋ በር አክስቴ ቤት ሄድኩ። እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር። በሁለተኛው ሌሊት እህቴ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። እማ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው» ብላ በር ላይ ቆማለች። የእማ እናት የሞተችው እኛ ሳንወለድ ነው። እህቴ «ሞታለች እኮ እማ» ስትላት እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰች። «ምን ልበላት?» አለችኝ። «ስለ እናቷ ጠይቂያት፣ ምን ታበስል ነበር በያት» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋው የእማን ድምፅ ሰማሁ። ስለ ጭኮ ታስረዳ ነበር። ቅቤው ስንት፣ ገብሱ እንዴት እንደሚቆላ።

ከዚያ በኋላ «ታካብጃለሽ» የሚል ቃል ጠፋ። ለኮምቦልቻው ወንድሜ የነገረችው እህቴ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ እየመጣ ያድራል። እማን ማጠብ ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች። ስለዚህ ማጠቡ የኔ ነው፣ ሌሊቱ የሱ። የጅዳው ወንድሜ የመግሪቡን ሰዓት ይዟል፤ ፈረቃ ሲቀየርበት የአዲስ አበባዋ ትተካዋለች።

እድሩ ገና ነው። ዳኛው «እናያለን» አሉኝ። ሁለት ጎረቤቶች ግን እድሩን ሳይጠብቁ ማክሰኞን ይዘዋል። አንድ ዘመዳችን «የእናታችሁን ገመና ለሰው አወጣችሁ» ብሎ ተቀይሟል። እሱም ይምጣና አንድ ከሰዓት ይቀመጥ ብለን ልከንበታል።

ሙገድ

እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ግን ገላ መታጠብ ላይ ተሸንፌያለሁ። አባቴ ውሃ ሲያይ ይማታል። ደሴም ብርድ ነው።

የሆጤዋ

አብሽር። እማም እንደዚያው ነበረች። መጀመሪያ ክፍሉን በከሰል አሙቀው፣ ከዚያ ምድጃውን አውጣና በር ከፍተህ አናፍሰው። ከሰሉ እየነደደ በር ዘግተህ እንዳታጥበው፣ ጭሱ ይገድላል። «ታጠብ» አትበለው። ጁምዓ ነው በለው፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነው በለው፣ እንደ ሃይማኖታችሁ። ልብሱን ሁሉ አታውልቅ፤ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣልና ከሥር በከፊል እጠበው። ውሃውን ከላይ አታፍስስበት፣ አናቱ ላይ ሲወርድ ነው የሚደነግጡት። በጆግ ከእግሩ ጀምር። ጨርቁን ለሱ ስጠውና ፊቱን ራሱ ይጠብ። እምቢ ካለ ዛሬን ተወው፣ ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሞክር። በየቀኑ መታጠብ የለበትም። ብልቱና ብብቱ ከጸዳ፣ ጀርባው ካልቀላ፣ በሳምንት ሁለቴ ይበቃዋል።

ነጭ ጋወን (ነርስ፣ ኮምቦልቻ)

ያለችው ልክ ነው። ተረከዙንና ዳሌውን ስታጥብ እይልኝ። ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ ካገኘህ ቁስል ሊጀምር ነው። በዚያ ጎን አታስተኛው፣ ጤና ጣቢያም አሳየው።